ድቅል መኪና ሲገዛና ሲሟላ፦ የጉልበት ሒሳብ ምን ይላል?

«ድቅል» የሚለው ቃል ለአንባቢያን እንግዳ አይደለም። ድቅል በቆሎ የሁለት ዝርያዎች መልካም ጠባይ በአንድ አገዳ ላይ እንዲገናኝ ተደርጎ የሚገኝ ዘር ነው። ሃይብሪድ መኪና የሚለውም ስያሜ ከዚሁ ሐሳብ የመነጨ ሲሆን፣ በቤንዚን የሚሠራ ሞተርና በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሞተር ተቀናጅተው ጎማዎችን የሚያንቀሳቅሱበትን መኪና ያመለክታል። ድቅል ዘር ማሳው በሚገባ ካልተዘጋጀለት የተነገረለትን ምርት እንደማይሰጥ ሁሉ፣ ድቅል መኪናም ገዥው በሚመርጣቸው ቸርኬዎች፣ ጎማዎችና ተጨማሪ ዕቃዎች ምክንያት ከተገዛበት ዓላማ ሊርቅ ይችላል።

አዲስ መኪና የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጠይቀው ስለ ቀለሙ፣ ስለ መቀመጫውና ስለ ዋጋው ነው። የሃይብሪድ ገዥ ግን ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው ነዳጅ ለመቆጠብ በመሆኑ፣ «ይህ የመረጥኩት ነገር ከቁጠባው ምን ያህሉን ይወስድብኛል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሚሰጠው ፊዚክስ እየተመራን ለዚህ ጥያቄ መልስ መፈለግ ነው። ለምሳሌነት የመረጥነው በአሜሪካ የሚሸጠውን ቶዮታ ፕሪየስን ነው። ፕሪየስ እ.ኤ.አ. በ1997 መጨረሻ በጃፓን ለገበያ የቀረበና በብዛት በመመረት ከሃይብሪድ መኪናዎች ቀዳሚ የሆነ ሲሆን፣ በአሜሪካ የነዳጅ ፍጆታው በየዓይነቱ ተለይቶ ይፋ ስለሚደረግ ለንጽጽር ያመቻል።

ጉልበት የሚባክነው የት ነው?

ማንኛውም የሚንቀሳቀስ አካል የእንቅስቃሴ ጉልበት አለው። መጠኑም መጠነ ቁሱ በፍጥነቱ ስኩዌር ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኘው ነው። ከነተሳፋሪው 1,500 ኪሎ ግራም የሚሆን መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ማለትም በሰከንድ 16.7 ሜትር ያህል ቢጓዝ፣ የእንቅስቃሴ ጉልበቱ 208 ኪሎጁል ገደማ ይሆናል። አሽከርካሪው ቀይ መብራት አይቶ ፍሬን ሲይዝ፣ በተለመደው መኪና ይህ ሁሉ ጉልበት በፍሬን ሸራው ሰበቃ አማካይነት ወደ ሙቀት ተለውጦ በአየር ላይ ይበተናል።

ይህ በነዳጅ ሲተመን ስንት ነው? አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል 32 ሚሊዮን ጁል ያህል ይሰጣል። ሞተሩ ከዚህ ውስጥ ሩቡን ብቻ ለጎማዎቹ ያደርሳል ብንል፣ 208 ኪሎጁሉን ለማግኘት 26 ሚሊ ሊትር ቤንዚን ተቃጥሏል ማለት ነው። ይህ መጠን የቡና ሲኒ ግማሹን እንኳ ላይሞላ ይችላል። ሆኖም መኪናው በከተማ መንገድ ላይ በቀን 40 ጊዜ እንዲህ እየቆመ ቢነሣ፣ ከአንድ ሊትር በላይ ቤንዚን ፍሬኑን ለማሞቅ ብቻ ይውላል።

ሁለተኛው ብክነት ከራሱ ከቤንዚን ሞተሩ ባሕርይ የሚመጣ ነው። ሞተር በተመጣጠነ ጭነትና ፍጥነት ሲሠራ ብቃቱ ከፍ ይላል። በመንገድ መጨናነቅ ውስጥ ቆሞ ሲያንኮራፋ ወይም በዝግታ ሲሳብ ግን ብቃቱ እጅግ ያሽቆለቁላል። በተለመዱ መኪናዎች የከተማ ውስጥ የነዳጅ ፍጆታ ከአገር አቋራጭ ጉዞ ፍጆታ የሚበልጠው በእነዚህ ሁለት ምክንያቶች ነው።

የሁለቱ ሞተሮች ቅንጅት

በሃይብሪድ መኪና ውስጥ ፍሬን ሲነካ በቅድሚያ ሥራ የሚጀምረው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው። ጎማዎቹ ሞተሩን ስለሚያዞሩት ወደ ጄኔሬተርነት ይለወጣል፤ የእንቅስቃሴውንም ጉልበት ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሮ ወደ ባትሪው ይልካል። በዚህ መንገድ ከላይ ካሰላነው ብክነት ግማሹ ብቻ እንኳ ቢመለስ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ይተርፋል። መኪናው ሲቆም የቤንዚኑ ሞተር ይጠፋል፤ ሲነሣም በአብዛኛው መጀመሪያ የሚገፋው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው።

የቤንዚኑ ሞተርም ቢሆን ከተለመደው ይለያል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጄምስ አትኪንሰን በ1880ዎቹ ባመነጨው ሐሳብ ላይ በመመሥረት፣ የአየር ማስገቢያው ቫልቭ ዘግየት ብሎ እንዲዘጋ ይደረጋል። በመሆኑም የሚታመቀው አየር መጠን ይቀንሳል፤ የተቃጠለው ጋዝ ግን ፒስቶኑን ረዘም ላለ ርቀት ይገፋዋል። ከሙቀቱ ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻም ከፍ ይላል። የዚህ ዓይነቱ ሞተር ደካማ ጎን መኪናው ሲነሣ የሚሰጠው ጉልበት አነስተኛ መሆኑ ነው። ይህን ጉድለት የሚሞላው ኤሌክትሪክ ሞተሩ ሲሆን፣ ድቅልነት ያልነው ቁም ነገርም እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። በፕሪየስ ውስጥ የቤንዚን ሞተሩን፣ ጄኔሬተሩንና ኤሌክትሪክ ሞተሩን የሚያገናኘው ማርሽ ትንንሽ ጥርሳም ጎማዎች በመካከለኛው ዙሪያ እንደ ፕላኔት የሚዞሩበት ነው፤ በዚህም የሦስቱ ፍጥነት እንደየሁኔታው ይመጣጠናል።

በመስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣ ሕግ መሠረት፣ እያንዳንዱ አዲስ መኪና ዋጋውንና ከፋብሪካ የተገጠሙለትን ተጨማሪ ዕቃዎች የሚዘረዝር ወረቀት በመስታወቱ ላይ ተለጥፎበት ይቀርባል። ከዚሁ ጋር የነዳጅ ፍጆታው መግለጫ ይገኛል። አሜሪካውያን ፍጆታን የሚለኩት መኪናው በአንድ ጋሎን ስንት ማይል እንደሚሄድ በመግለጽ ነው። ይህ አለካክ ግን ገዥን ሊያሳስት ይችላል። ለምሳሌ በአንድ ሊትር 5 ኪሎ ሜትር የሚሄድን መኪና 10 በሚሄድ ብንለውጥ፣ በ10,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1,000 ሊትር እናተርፋለን። 20 የሚሄደውን 25 በሚሄድ ብንለውጥ ግን ቁጥሩ ያደገው በእኩል 5 ቢሆንም ትርፉ 100 ሊትር ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 በዱክ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት ተመራማሪዎች ላሪክና ሶል ይህን ስሕተት በ«ሳይንስ» መጽሔት ላይ አሳይተዋል። አሁን በሥራ ላይ ባለው መግለጫም በ100 ማይል ስንት ጋሎን እንደሚፈጅ አብሮ ይጻፋል። እኛም ከዚህ በታች በ100 ኪሎ ሜትር ስንት ሊትር በሚለው እንጠቀማለን።

አሁን ወደ ግዢው ሒሳብ እንመለስ። አንድ ተራ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 7.8 ሊትር ይፈጃል እንበል። የ2023 ፕሪየስ መነሻ ዓይነት 4.1 ሊትር ይፈጃል። ልዩነቱ 3.7 ሊትር ነው። የሃይብሪዱ ዋጋ በ3,000 ዶላር ይበልጣል፣ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋም 90 የአሜሪካ ሳንቲም ነው ብለን እናስብ። በዓመት 24,000 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ሰው 888 ሊትር ማለትም 800 ዶላር ገደማ ስለሚቆጥብ፣ የከፈለውን ብልጫ አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ይመልሳል። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ በታክሲ ሥራ ከተሰማሩት መካከል ብዙ ኢትዮጵያውያን እንዳሉ ይታወቃል፤ አንድ የታክሲ ሾፌር በዓመት 80,000 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ብልጫውን የሚመልሰው በ14 ወራት ገደማ ነው። በዓመት 5,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ለሚነዳ ጡረተኛ ግን 18 ዓመት ይፈጅበታል። እንግዲህ «ሃይብሪድ ያዋጣል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚገኘው ከገዥው የጉዞ ልማድ ነው።

ቸርኬ፣ ጎማና የጣሪያ ጭነት

ገዥው መኪናውን ከወሰነ በኋላ የሚቀርብለት ዝርዝር ረጅም ነው። የ2023 ፕሪየስ የፊት ጎማዎቹ ብቻ በሚነዱበት መነሻ ዓይነቱ ባለ 17 ኢንች ቸርኬ ሲሆን፣ ባማሩ ዓይነቶቹ ላይ 19 ኢንች ይገጠማል። ሞተሩ ያው ነው። ይፋ የሆነው ፍጆታ ግን ከ4.1 ወደ 4.5 ሊትር ከፍ ይላል። ባማሩት ዓይነቶች ላይ አራቱንም ጎማ የሚያሽከረክረው አሠራር ሲጨመር ደግሞ 4.8 ይደርሳል። በቁጠባነት ካገኘነው 3.7 ሊትር ውስጥ 0.7 ሊትሩ፣ ማለትም አንድ አምስተኛ የሚጠጋው፣ በምርጫ ወረቀት ላይ በተደረገ ምልክት ሄደ ማለት ነው።

ልዩነቱን ቸርኬው ብቻውን ባይፈጥረውም ድርሻው በፊዚክስ በቀላሉ ይገለጻል። ጎማ ወደፊት ከመሄዱ በተጨማሪ በራሱ ዙሪያ ይሽከረከራል። ስለዚህ በጎማው ጠርዝ አካባቢ የሚጨመር አንድ ኪሎ ግራም፣ በመቀመጫ ላይ ከተጫነ አንድ ኪሎ ግራም ይልቅ መኪናውን ለማስነሣት የሚያስፈልገውን ጉልበት ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። ጎማው ራሱም አስፋልቱን ሲነካ እየተጨፈለቀ ተመልሶ ሲቀና የተወሰነ ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ከፋብሪካ ከሃይብሪድ ጋር የሚመጣው ጎማ ይህን ብክነት እንዲቀንስ ታስቦ የተሠራ ነው። ሲያልቅ ሰፊና ለስላሳ ጎማ የሚተካ፣ ወይም ነፋሱን ሳይለካ ለወራት የሚነዳ ሰው፣ ቁጠባውን በገዛ እጁ ይቀንሳል።

የአየር መቋቋም በፍጥነት ስኩዌር ያድጋል። በጣሪያ ላይ የሚታሰር የዕቃ መጫኛ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ብዙም አይታወቅ ይሆናል፤ በ100 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ግን የሚያስከትለው ግፊት አራት እጥፍ ነው። በመሆኑም መጫኛውን በሚያስፈልግበት ቀን ብቻ ማሰር ተገቢ ነው።

የማይታዩ ጥንቃቄዎች

ባትሪው ኤሌክትሪክ ሲቀበልና ሲሰጥ ስለሚሞቅ በአየር ይቀዘቅዛል። በፕሪየስ ውስጥ አየሩ የሚሳበው በኋለኛው መቀመጫ አካባቢ ካለ ክፍተት ነው። ይህን ክፍተት በመቀመጫ ልብስ፣ በምንጣፍ ወይም በጓዝ መድፈን ውድ የሆነውን ባትሪ ለሙቀት ማጋለጥ ነው። ከዚህም ሌላ፣ በመኪናው ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸው ሽቦዎች ከ200 ቮልት በላይ የሚሸከሙ ናቸው። ድምፅ ማጉያ ወይም ተጨማሪ መብራት የሚያስገጥም ሰው ከባለ 12 ቮልቱ መስመር ብቻ፣ በባለሙያ እጅ፣ በተገቢው ፊውዝ ማስገጠም ይኖርበታል። ብርቱካናማውን ሽቦ መነካካት ሕይወትን ሊያሳጣ ይችላል።

የዋስትና ነገርም አለ። ቶዮታ በአሜሪካ ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ለሃይብሪድ ባትሪ የሚሰጠው ዋስትና 10 ዓመት ወይም 150,000 ማይል (240,000 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲሆን፣ ቀድሞ የሞላው ገደቡ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው የአሜሪካ የዋስትና ሕግ ደግሞ፣ ገዥው የሌላ አምራች ዕቃ ስለገጠመ ብቻ ዋስትናው እንዳይሰረዝ ይከላከላል። ነገር ግን ጉዳቱን ያደረሰው የተገጠመው ዕቃ መሆኑ ከተረጋገጠ ወጪው በገዥው ላይ ይወድቃል።

ዳገትና ቁልቁለት

የአገራችን መልክዓ ምድር ለዚህ ሒሳብ ሌላ ምዕራፍ ይጨምርበታል። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ መኪና ከ1,000 ሜትር በላይ ያሽቆለቁላል። 1,500 ኪሎ ግራም የሚሆን መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ ከከፍታው የሚለቀቀው ጉልበት 14.7 ሚሊዮን ጁል ወይም 4 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የፕሪየስ ዓይነት ሃይብሪድ ባትሪ የሚይዘው ወደ 1 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። በአየርና በጎማ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ የተረፈው ከባትሪው አቅም በላይ ስለሚሆን፣ ባትሪው ከሞላ በኋላ አሽከርካሪው ማርሹን «ቢ» በሚለው ምልክት ላይ አድርጎ የቤንዚን ሞተሩ ፍጥነቱን እንዲገታ ማድረግ አለበት። በፍሬን ሸራ ብቻ መታመን ፍሬኑን አግሎ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። ሰፊ ባትሪ ያላቸው ሙሉ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ግን ከዚሁ ጉልበት አብዛኛውን መልሰው ማስቀመጥ ይችላሉ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ላይ ኤሌክትሪክ ያልሆኑ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ከተነገረ ወዲህ፣ ይህ ዕውቀት ለብዙዎች የቅርብ ጉዳይ ሆኗል። ስለ ቸርኬ፣ ስለ ጎማና ስለ ጣሪያ ጭነት ያነሣነውም በኤሌክትሪክ መኪና ላይ እንዳለ ይሠራል፤ ልዩነቱ የሚባክነው በሊትር ፈንታ በኪሎ ሜትር ርቀት መቆጠሩ ነው።

ማጠቃለያ

በአጠቃላይ ድቅል መኪና የሚቆጥበው ጉልበትን ከብክነት በማዳን ነው። ክብደት፣ ቸርኬ፣ ጎማና የአየር መቋቋም ደግሞ ያንኑ የዳነውን ጉልበት ይጋራሉ። ይህ ማለት መኪናን ማስዋብ ነውር ነው ማለት አይደለም። በረዶ በሚበዛበት አካባቢ የሚኖር ሰው አራቱም ጎማ የሚሽከረከርበትን መምረጡ፣ ነዳጅ ቢያስወጣውም፣ ደኅንነትን መግዛት ነው። ዋናው ጉዳይ ምን ከፍሎ ምን እንዳገኘ ማወቁ ነው። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ይህ ስሌት ከፊርማ በፊት ሲደረግ አንድ ወረቀትና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል፤ ከፊርማ በኋላ የመጣ እንደሆነ ግን መኪናው በተነዳ ቁጥር በየነዳጅ ማደያው የሚከፈል ዕዳ ይሆናል።