መድኃኒቱ ራሱ ሲያሳምም

ጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ ሰው ትኩሳት ሲይዘው ቀድሞ የሚጠረጠረው ኢንፌክሽን ነው። ደሙ ይመረመራል፣ አንቲባዮቲክ ይጨመርለታል። አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬው ልክ ነው። አንዳንዴ ግን ትኩሳቱን ያመጣው ከሁለት ሳምንት በፊት የተጀመረ መድኃኒት ሆኖ ይገኛል።

ከእንዲህ ዓይነቶቹ አደጋዎች አስፈሪው ስቲቨንስ ጆንሰን ሲንድረም ነው። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1922 በሁለት ሕፃናት ላይ ያዩትን ከጻፉት አሜሪካውያን ሐኪሞች ነው። የሰውነት መከላከያ ሴሎች በመድኃኒቱ ሳቢያ የገዛ ቆዳን ያጠቃሉ፤ የላይኛው ሽፋን ሞቶ ይላጣል። ልጣጩ ከገላው 30 በመቶ ካለፈ ከሦስት ታማሚዎች አንዱን ገደማ ይገድላል።

መናገር የሚችል ሕመምተኛ ሽፍታው ሳይጎላ ያስጠነቅቃል፦ ዓይኑን አሸዋ እንደገባበት ይቆረቁረዋል፣ ምራቅ መዋጥ ያቅተዋል፣ አንሶላ ሲነካው ያቃጥለዋል። ጉሮሮው ውስጥ ቱቦ ገብቶለት በሚያስተኛ መድኃኒት ያሸለበው ግን ይህን ለማን ይንገር? የአፉን ቁስል ቱቦውና ፕላስተሩ ይሸፍኑታል፤ ዓይኑ ተከድኗል። ስለዚህ ገላውን የምታጥበው ነርስ ዓይን ከብዙ ማሽን ይበልጣል። የዓይኑን ቆብ ገልጣ፣ ከንፈሩንና ብልቱን አይታ፣ ደረቱን ትፈትሻለች። እንደኛ ባለ ጠይም ቆዳ ላይ ቅላቱ ጎልቶ ላይታይ ይችላል፤ ጠቆር ያለ ወይም ወይን ጠጅ የመሰለ ነጠብጣብ ነው የሚፈለገው። ቆዳው በጣት ቀስ ተብሎ ሲገፋ እንደ እርጥብ ወረቀት ከተንሸራተተ ሐኪም ሳይውል ሳያድር ሊያየው ይገባል።

ተጠርጣሪውን መድኃኒት መለየት ቀላል አይደለም። ሕመሙ እንደ ፔኒሲሊን አለርጂ በደቂቃዎች የሚመጣ ሳይሆን፣ ባብዛኛው መድኃኒቱ በተጀመረ ከ4 እስከ 28 ቀን ውስጥ ነው የሚታየው። እንዲያውም ሕመምተኛው ሆስፒታል ሳይገባ ቤቱ የጀመረው ሊሆን ይችላል። ኮትሪሞክሳዞል፣ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዙት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን፣ ለሪህ የሚሰጠው አሎፑሪኖል ቀድመው ይጠረጠራሉ። ለዓመታት ሲወሰድ የኖረው ግን እምብዛም አይጠረጠርም።

የመጀመሪያው ሕክምና መድኃኒቱን ማቆም ነው፤ ሌላው ሁሉ እሳት ለፈጀው ሰው እንደሚደረገው ነው፦ ፈሳሽ፣ ሙቀት፣ የቁስል እንክብካቤ። ዓይን በጊዜ ካልታከመ ጠባሳው ብርሃን ይነሳል።

አስታማሚዎች ሆይ፣ ዘመዳችሁ ባለፉት ሁለት ወራት የወሰደውን ሁሉ፣ ባዶ ፓኬቱንም ጭምር፣ ለሐኪሙ አምጡለት። ከዚህ የተረፈም ሰው የመድኃኒቱን ስም ጽፎ ይያዝ፤ ዳግመኛ ለሕክምና በሄደበት ሁሉ አስቀድሞ ያሳይ።