ዛፍ ከአየር የሚወስደው እንዴት ይሰፈራል?



አንድ ምሽት ትምህርት እንዳበቃ አንድ አባት «ልጄ፣ ያ ባሕር ዛፍ ስተክለው እንደ ጣቴ የቀጠነ ነበር። ዛሬ ሁለት ሰው አይሸከመውም። ምን በልቶ ነው እንዲህ የገዘፈው?» ብለው ጠየቁኝ። ከጎናቸው የነበሩት «አፈር በልቶ ነዋ!» አሉ። እኔም ሳልማረው በፊት እንደዚያው ይመስለኝ ነበር። እናንተስ ምን ትላላችሁ?

አፈር በልቶ ቢሆን ኖሮ ከሥሩ ጉድጓድ ይከፈት ነበር። ዛሬ ቤልጅግ በምትባለው አገር የኖረ ቫን ሄልሞንት የተባለ ሐኪም ይህን በሚዛን ፈተነው። 90 ኪሎ ግድም ደረቅ አፈር በገንቦ አድርጎ ከ2 ኪሎ ብዙም ያልበለጠ ችግኝ ተከለ። አምስት ዓመት ውሃ ብቻ አጠጣው። ዛፉ ከ75 ኪሎ በላይ ሲመዝን፣ ከአፈሩ የጎደለው ግን አንድ ሲኒ የማይሞላ ነበር። ይህ የታተመው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1648 ነው። እሱ «ክብደቱ ከውሃ መጣ» አለ። እውነቱን በከፊል ብቻ ነበር ያገኘው። በ1804 ደ ሶሱር የተባለ የስዊስ ሊቅ እየመዘነ፣ ተክል አካሉን የሚሠራው ከውሃና ከአየር መሆኑን አሳየ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጭስና በእስትንፋሳችን ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል አየር አለ። ቅጠል ይህን አየር ይወስድና፣ ከሥር በመጣው ውሃና በፀሐይ ብርሃን ኃይል ስኳር ይሠራል። ኦክስጅን ደግሞ ይለቃል። ይህ ሥራ ፎቶሲንተሲስ ይባላል። እንጨት ስታከስሉ የሚቀረው ጥቁሩ ነገር በአመዛኙ ካርቦን ነው፤ እሱ ሁሉ ከአየር የመጣ ነው እኮ!

ታዲያ ስንት ይወስዳል? በእርሻችን እንሞክረው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ቦታ ላይ ያለውን ገብስ ከነገለባው አጭዳችሁ፣ በደንብ አድርቃችሁ መዝኑ። 600 ግራም ሆነ እንበል። ከዚህ ውስጥ ካርቦኑ ከግማሽ ጥቂት ያንሳል፤ 270 ግራም ግድም ነው። አንድ ሄክታር 10,000 እንዲህ ያለ ቦታ አለው። ስናባዛው 27 ኩንታል ካርቦን ይሆናል።

ግን ይህ የቀረው እንጂ የተወሰደው ሁሉ አይደለም። ሥሩ አልተመዘነም። ደግሞም ተክል እንደኛው ይተነፍሳል። ከወሰደው ካርቦን ግማሽ ያህሉን ለኑሮው አቃጥሎ ወደ አየር ይመልሳል። ስለዚህ ያ ገብስ የወሰደው 54 ኩንታል ግድም፣ የሥሩ ሲታከል ደግሞ ከዚያም በላይ ነው።

በጎተራ እንመስለው። ቀን ቀን እህል ይገባል፤ ቀንም ሌሊትም ይወጣል። ማታ የቀረውን ብቻ ያየ ሰው ስንት እንደገባ አያውቅም። ሊቃውንት መላ አበጁለት። ከዛፎች በላይ ረጅም ማማ ያቆሙና፣ ወደ ላይና ወደ ታች የሚነፍሰውን ነፋስ ከያዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋር በሴኮንድ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ ይለካሉ። ሌሊት ብርሃን ስለሌለ ማማው የሚያገኘው ወጪውን ብቻ ነው። ከዚያ ተነሥተው፣ የሙቀቱን ልዩነት አስበው፣ የቀኑን ወጪ ይገምታሉ። በቀን በተለካው ላይ ሲደምሩት ገቢው ይታወቃል።

ማማ በየአገሩ ሁሉ አይቆምም። በዚህ ላይ ሳተላይት ያግዛል። ቅጠል በሥራ ላይ ሳለ ዓይናችን የማያየው ደካማ ቀይ ብርሃን ይሰጣል። በ2014 አሜሪካ ያመጠቀችው ኦኮ-2 የተባለው ሳተላይት ይህን ብርሃን ከሰማይ ለማየት አስችሏል።

የዓለም ተክል ሁሉ ተደምሮስ? በ2010 የወጣ ጥናት በዓመት 123 ቢሊዮን ቶን ካርቦን ብሎ ገመተ። በ2024 የወጣ ሌላ ጥናት 157 ቢሊዮን አለ። ይህኛው የተመረኮዘው ካርቦኒል ሰልፋይድ በሚባል ሌላ አየር ላይ ነው። እሱ ወደ ቅጠል ይገባል፣ ግን በትንፋሽ ተመልሶ አይወጣም። እንግዲህ ልዩነቱ ትንሽ አይደለም፤ ሥራውም ገና አላለቀም።

«ይህ ለኛ ምን ያደርግልናል?» ትሉ ይሆናል። የወላይታን ሁምቦ ተመልከቱ። እዚያ ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው 2,728 ሄክታር የተራቆተ ተራራ ከልለው፣ ከተቆረጠው ጉቶ ደኑ እንደገና እንዲያቆጠቁጥ አደረጉ። በ2009 ሥራው በዓለም አቀፍ ደንብ ተመዘገበ፤ ማኅበራቱም ካርቦን በመሸጥ ገንዘብ አገኙ። በ30 ዓመት ውስጥ 880,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ ታቅዷል። እስቲ አካፍሉት! ለአንድ ሄክታር በዓመት 11 ቶን ግድም ይደርሳል። ካርቦኑ ብቻ ሲወጣለት 3 ቶን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። የሚከፈልበት ዛፉ የወሰደው ሳይሆን፣ በግንዱ፣ በሥሩና በአፈሩ ያስቀመጠው ነው። ዛፉ ተቆርጦ ከነደደ ያ ካርቦን ወደ አየር ይመለሳል። ስለዚህ ቁጥር ይዞ የመጣን ሰው ሦስት ነገር ጠይቁት። የተወሰደው ነው ወይስ የተቀመጠው? የካርቦን ክብደት ነው ወይስ የካርቦን ዳይኦክሳይድ? አንድ ኪሎ ካርቦን ሦስት ኪሎ ከስድስት መቶ ግራም ከሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ለስንት ዓመትስ ነው? እነዚህን ያልለየ ሰው ሚዛኑን ሳያይ እህሉን እንደሸጠ ነው።

በመጪው አጨዳ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ለክታችሁ እናንተው መዝኑት፤ ማባዛቱንም በደብተራችሁ ላይ ሥሩት።