ከሻንሲው ጎን የተኛው ቱቦ

መኪና ስር ተጋድሞ ቀና ብሎ ላየ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ካምቢዮው ነው፤ ቀጥሎ ማርሚታው፣ ከዚያም ባሌስትራው። በሻንሲው ጎን ተጠግተው ከኋላ ወደ ፊት የሚያልፉትን፣ የትንሽ ጣት ውፍረት እንኳ የሌላቸውን የብረት ቱቦዎች ልብ የሚላቸው የለም። ከመካከላቸው ቀጭኑ የፍሬን ነው። ሌሎቹ ሁለቱ የነዳጅ ናቸው፦ አንዱ ከሳልባትዮ ወደ ሞተር ያደርሳል፤ ሁለተኛው ሞተሩ ያልፈለገውን ትርፍ ወደ ሳልባትዮ ይመልሳል። በብዙ መኪኖች ላይ አድራሹ 8፣ መላሹ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው።

እነዚህን ቱቦዎች በግቢ ውስጥ፣ በገዛ እጅ መቀየር ይቻላል። መፍቻ ከማንሳት በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ በዚህ ቱቦ ውስጥ ነዳጁ እየተሳበ ነው የሚሄደው ወይስ እየተገፋ? የብልሽቱ ምልክት፣ አደጋው፣ የሚተካበት ዕቃ፣ የመጨረሻው ፍተሻ ሁሉ በዚህ ይለያያል። ይህን ሳይለዩ የገቡበት ሥራ ወይ ገንዘብ ይበላል፣ ወይ እሳት ያስነሳል።

ጋምቤላ ላይ ሁለቱም ዓይነት መኪና ጎን ለጎን ይሠራል። ክልሉ ከ300 ሺህ በላይ ስደተኞችን ስላስጠለለ፣ ከከተማዋ ወደ ጀዊ፣ ወደ ኩሌ፣ ወደ ቴርኪዲና ወደ ፑኝዶ የስደተኛ መጠለያዎች ነጭ ላንድክሩዘር ሲመላለስ ማየት የዕለት ተዕለት ነገር ነው። ብዙዎቹ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመረት የኖረው የ70 ቁጥር ዝርያ ናቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነዳቸውም 1ኤችዜድ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር የናፍጣ ሞተር ነው። በዚህ ሞተር ሳልባትዮ ውስጥ ነዳጅ የሚገፋ ፓምፕ የለም። ከፊት ያለው የኢንጄክሽን ፓምፕ ራሱ፣ በፊልትሮው አልፎ፣ ከኋላ ድረስ ይስባል። ረጅሙ ላንድክሩዘር ደግሞ እያንዳንዳቸው 90 ሊትር የሚይዙ ሁለት ሳልባትዮዎች ስላሉት ቱቦውም መጋጠሚያውም የዚያኑ ያህል ይበዛል።

በሌላው ወገን ያሉት እንደ ቪትዝና ያሪስ ያሉት የቤንዚን መኪኖች ናቸው። የእነሱ ፓምፕ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ሆኖ እዚያው ሳልባትዮው ውስጥ ተነክሮ ተቀምጧል፤ ቤንዚኑን ወደ ፊት የሚገፋውም በ3 ባር ገደማ ነው፤ በመኪና ጎማ ውስጥ ከሚሞላው ነፋስ ይበልጣል ማለት ነው። ካርቡራተር ያለው አሮጌ መኪና ቢገኝ ግፊቱ የዚህን አንድ አሥረኛ ቢሆን ነው። (ባጃጅ ከዚህ ጨዋታ ውጭ ነው፤ ሳልባትዮውና ሞተሩ ጎረቤት ስለሆኑ አጭር የጎማ ቱቦ ይበቃዋል።)

የሚሳበው ቱቦ ሲበሳ ብዙ ጊዜ መሬት ላይ ምንም አይንጠባጠብም። ሞተሩ ሲሠራ ናፍጣ በቀዳዳው አይወጣም፤ አየር ነው የሚገባው። መኪናው ሌሊቱን ሲያድር ቱቦው ውስጥ ያለው ናፍጣ ወደ ኋላ፣ ወደ ሳልባትዮው ይሸሻል፤ ጠዋት ሞተሩ ረጅም ጊዜ ይንገዳገዳል እንጂ ቶሎ አይነሳም። ከተነሳ በኋላ በሜዳው ላይ ደህና ይሄድና ዳገት ላይ ይደክማል። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን ጎሬ ከ2000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ በቡሬ በኩል ወደ ጎሬ የሚወጣው አቀበት ሞተሩን ብዙ ነዳጅ የሚያስጠይቀው ነውና ቱቦው አየር እንደሚስብ የሚጋለጠው እዚያ ላይ ነው። ያኔ ፊልትሮው ይቀየራል፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ነዳጅ የሚረጨው ኢኔቶሪ ይጸዳል፤ በመጨረሻ በውድ ዋጋ ፓምፑ ይፈታል። ስንት ደህና ፓምፕ በአንዲት የዛገች ቀዳዳ ምክንያት ተፈትቷል!

የሚገፋው ቱቦ ግን ራሱን አይደብቅም። መጀመሪያ ይሸታል፤ ቀጥሎ ያረጥባል፤ ቀዳዳው ሲሰፋ ቤንዚኑን እንደ ጭጋግ ይረጫል። ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ቢሆን ለእሳት የሚበቃ እንፋሎት ይሰጣል፤ ናፍጣ ለዚያ ከ50 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። መጋቢት ላይ ጥላ ስር 40 ዲግሪ በሚደርስበት ከተማ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። በበጋ ሌላም ነገር አለ። ከመንገዱ ወጣ ብሎ የሚሄድ መኪና የደረቀ ረጅም ሳር በሆዱ ይሰበስባል፤ ሳሩ ከጋለው የጭስ ማውጫ ጋር ይጣበቃል። እዚያ ላይ የሚንጠባጠብ ቤንዚን ካለ ሌላ ክብሪት አያስፈልገውም።

የነዳጅ ቱቦ ዝገትን በተመለከተ በውጭ አገር የሚጻፈው አብዛኛው ስለ ጨው ነው። ክረምት ላይ በረዶ ለማቅለጥ አስፋልት ላይ የሚበተነው ጨው በጥቂት ዓመታት ቱቦውን ይበላዋል። ጋምቤላ በረዶ የለም፤ ጨውም መንገድ ላይ አይበተንም። የዚህ አገር ጠላት ጭቃ ነው። ከግንቦት እስከ ጥቅምት ሜዳውን የሚሸፍነው ጥቁር ዋልካ መኪናው ስር ገብቶ ቱቦው በሻንሲው ላይ በተያዘበት ክሊፕ ውስጥ፣ ከኋላ አክስል በላይ ባለው እጥፋት፣ በሳልባትዮው አናት ላይ ይታሸጋል። ላዩ ደርቆ ውስጡ ለረጅም ጊዜ እርጥብ ሆኖ ይቆያል። ቱቦው በግልጽ በሚታይበት ቦታ ደህና መስሎ፣ ክሊፑ ሲነሳ ግን እጅ ላይ የሚፈረካከሰው ለዚህ ነው። በበጋ ደግሞ በኮረኮንች መንገድ ከጎማ የሚፈናጠረው ጠጠር የቱቦውን ሽፋን እየላጠ ለመጪው ክረምት ያዘጋጀዋል። ዝገቱ ከውስጥ የሚነሳበት ጊዜም አለ፤ ነዳጅ በማደያ ሲጠፋ በጀሪካንና በሃይላንድ ላስቲክ የሚሸጠው ውኃ ካለበት፣ ውኃው ከነዳጁ ይከብዳልና ቱቦው ዝቅ ባለበት ቦታ ይተኛል።

ስለ መተኪያው ዕቃ ካነሳን፣ ጋምቤላ በአንድ ዘመን ብዙ ዕቃ የሚደርሳት በውኃ ነበር። በ1902 እ.ኤ.አ. ስምምነት እንግሊዞች በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተፈቅዶላቸው፣ ወንዙ በሞላ ጊዜ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ ሸቀጥ ይመጣ፣ ቡና ይሄድ ነበር፤ ጣቢያው የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ግን ነዳጁም ቱቦውም የሚመጣው በመንገድ ነው። ከተማው ውስጥ የጠፋ የመኪና ዕቃ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ይፈለጋል። ለመኪናው ልክ ተጣጥፎ የተሠራ ቱቦ ቢገኝ እንኳ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ሳይጎብጥ መድረሱ ያጠራጥራል። የሚመረጠው በጥቅል የሚሸጥ ቀጥታ ቱቦ ገዝቶ እዚሁ ማጣጠፍ ነው። መንግሥት በ2024 እ.ኤ.አ. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስላገደ፣ አገር ውስጥ ያሉት አሮጌዎቹ ገና ብዙ ዓመት ይጠገናሉ፤ ይህን ሥራ ማወቅም እንዲሁ ገና ይጠቅማል።

የዕቃው ምርጫ ላይ በደንብ መቆም ይገባል፤ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፋብሪካው ቱቦ በመዳብ የተለበጠ ቀጭን ብረት ሁለት ዙር ተጠቅልሎ በእቶን የተበየደ ነው። ይህን የመሰለ የብረት ቱቦ፣ ወይም መዳብና ኒኬል የተቀላቀለበት ከተገኘ ለሁለቱም ዓይነት ነዳጅ ይሆናል። ባለ ኒኬሉ አይዝግም፤ በእጅ ጭምር ይታጠፋል፤ ዋጋው ግን ይከብዳል። በየከተማው ፍሪጅ ሠሪ ዘንድ የሚገኘው ንጹሕ መዳብ ያስጎመጃል፦ ለስላሳ ነው፣ በየትም አለ። ነገር ግን መዳብ ሲንቀጠቀጥ እየጠነከረ ሄዶ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ላይ ነዳጁን ቶሎ ያበላሸዋል፣ ሙጫ መሰል ዝቃጭ ያስይዘዋል። የፍሬን ቱቦም ጥሩ ብረት ቢሆንም ውስጡ ጠባብ ስለሆነ ሞተሩን ያስርበዋል።

የተበላውን ቆርጦ በመሃል የጎማ ቱቦ ማግባትና በፋሼታ ማጥበቅ በየጋራዡ የተለመደ ነው። ለናፍጣው የመሳቢያ ቱቦ፣ ጎማው ለነዳጅ የተሠራ ከሆነና የብረቱ ጫፍ ጎማው እንዳይንሸራተት አበጥ ተደርጎ ከተሠራ፣ ጉዳት የለውም። ለሚገፋው ቤንዚን ግን ጎማው ላይ ለኢንጄክሽን የተሠራ መሆኑን የሚያሳይ ጽሑፍ፣ ለምሳሌ አር9 የሚል፣ መኖር አለበት፤ ለካርቡራተር የሚሆነው አር7 አይበቃውም። ያ ካልተገኘ መኪናው ይቁም። የውኃ ጎማ ወይም ግልጽ ላስቲክ አስገብቶ “ለጊዜው” ማለት ግን እብደት ነው።

ሥራው ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይከር ይጀመራል። ሳልባትዮው ውስጥ ያለው ነዳጅ ባነሰ መጠን ጥሩ ነው። የቤንዚን መኪና ከሆነ መጀመሪያ የፓምፑ ፊውዝ ይነቀልና ሞተሩ ተነስቶ በራሱ እስኪጠፋ ይተዋል፤ ቱቦው ውስጥ የታመቀው ግፊት የሚወጣው በዚህ ነው። ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታል። ጎማዎቹ በታኮ ይያዛሉ፤ መኪናው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በብረት መደገፊያ ላይ ይቀመጣል፤ በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር አይገባም። ዋልካ ላይ የቆመ መደገፊያ ስለሚሰምጥ ከሥሩ ሰፊ ጣውላ ይነጠፍለታል። የቤንዚን እንፋሎት ከአየር ከብዶ መሬት ለመሬት ስለሚሄድ ግቢው ውስጥ የቡና ከሰል መኖር የለበትም፤ አሥር እርምጃ ራቅ ማድረግ መፍትሔ አይደለም። ቡናው ሥራው ሲያልቅ ይፈላል።

አሮጌው ቱቦ በተቻለ መጠን ሳይቆረጥ ይውጣ፤ አዲሱ የሚጣጠፈው እሱን አይቶ ነው። የማይወጣ ከሆነ ወፍራም ሽቦ በመንገዱ አስተኝቶ ልኩን መውሰድ ይቻላል። የዛገ ዳዶ ቀድሞ፣ ቢቻል ከዋዜማው፣ ዝገት አላቃቂ ዘይት ይጠጣ፤ ሲፈታም በሁለት ቁልፍ ነው፤ አንዱ መቀበያውን ይይዛል፣ ሌላው ይዞራል፣ አለዚያ ቱቦው ከነዳዶው ይጠመዘዛል። አዲሱ በቱቦ መቁረጫ ይቆረጣል፤ መጋዝ የብረት ብናኝ ውስጡ ይተዋል። ከቆረጡ በኋላ የውስጡ ጠርዝ ይፋቃል፤ ቱቦው በናፍጣ ታጥቦ በነፋስ ይነፋል። ሲታጠፍ እንዳይጨመደድ አሸዋ ሞልቶ ማጠፍ የቆየ ዘዴ ነው፤ ለነዳጅ ቱቦ ግን አይመከርም፤ ሳይወጣ የቀረ አሸዋ መድረሻው ኢኔቶሪው ነው። ሰፋ ባለ ክብ ነገር ላይ ቀስ እያሉ ማጠፍ ይሻላል። መንገዱ የድሮው ይሁን፦ ከጭስ ማውጫው የራቀ፣ ከፍሬን ቱቦው ጋር የማይፋተግ፣ በየክሊፑ ስር ጎማ የተደረገለት። ክሊፕ የጎደለው ቱቦ ተንቀጥቅጦ ራሱን ይቆርጣል።

ለቤንዚኑ ፍተሻው ሞተር ሳይነሳ ነው። ፊውዙና ባትሪው ይመለሳል፤ ቁልፉ ተከፍቶ ይዘጋል፣ ደግሞ ይከፈታል፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ፓምፑ ለጥቂት ሰከንድ ይገፋል። በደረቅ ወረቀት መጋጠሚያዎቹ አንድ በአንድ ይዳበሳሉ። ወረቀቱ ከረጠበ ሞተሩ አይነሳም፤ መጋጠሚያው ተፈትቶ እንደገና ይሠራል።

ለናፍጣው ፊልትሮው አናት ላይ ያለው የእጅ ፓምፕ እስኪጠነክር ደጋግሞ ይጫናል፤ ሞተሩም ተነስቶ ጥቂት ደቂቃ ይሠራል። ይህ ግን ገና ግማሹ ፍተሻ ነው፤ የሚሳበው ቱቦ የሚታወቀው ካደረ በኋላ ነው። በማግስቱ ጠዋት የእጅ ፓምፑን ሳይነኩ ቁልፉን ማዞር ነው፤ ሞተሩ ቶሎ ከያዘ ቱቦው ታሽጓል። ከተንገዳገደ፣ ከፊልትሮው በፊት ለአንድ ፍተሻ ያህል አጭር ግልጽ ላስቲክ አስገብቶ አረፋውን ማየት ይቻላል፤ ከዚያ ከሳልባትዮው ጀምሮ መጋጠሚያዎቹን እየተከተሉ የላላውን መፈለግ ነው። ላስቲኩ በዚያው ቀን ይወጣል።