ናስ የምትባለው ሳጥን

ለቡ፣ መካኒሳ ወይም ጎፋ ቢሮ የተከራየ የጥናት ቡድን ዘንድ ከገባችሁ ከፕሪንተሩ አጠገብ አንዲት ጥቁር ሳጥን ልታዩ ትችላላችሁ። ናስ ትባላለች። ሁለት ወይም አራት ሃርድ ዲስክ ትይዛለች፤ ቡድኑ የቃለ መጠይቅ ድምፁን፣ የመጠይቅ ውጤቱንና ካርታውን በጋራ ያኖርባታል። ማን ማየት፣ ማን መሰረዝ እንደሚችል የሚወስን አንድ ኃላፊ ይኖራል። የሰርግ ቪዲዮ የሚጭንባትም አይጠፋም፤ እሱን በኮታ ማስታገስ ይቻላል።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። «ባካፕ አላችሁ?» ስል «አዎ፣ ራይድ ነው» ይሉኛል። ራይድ ባካፕ አይደለም! ፓተርሰን፣ ጊብሰንና ካትዝ የተባሉ የበርክሌይ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1988 ሐሳቡን ሲያቀርቡ የፈለጉት ርካሽ ዲስኮች ተባብረው እንዲፈጥኑና አንዱ ቢሞት ሥራ እንዳይቆም ነበር። በራይድ ሁለት ዲስኮች አንድ ዓይነት መረጃ እንዲይዙ ሲደረግ፣ በአንዱ የተጻፈው በሌላውም ወዲያው ይጻፋል። የተሰረዘውም ወዲያው ይሰረዛል። የመረጃ ጸሐፊዋ የአምናውን ፎልደር በስህተት ብታጠፋ ከሁለቱም ይጠፋል፤ ፋይል የሚቆልፍ ቫይረስ ሁለቱንም ይቆልፋል፤ ሌባ ደግሞ ሳጥኗን እንዳለች ይወስዳል። በዚያ ላይ ዲስኮቹ ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ተገዝተው እኩል የሠሩ ናቸው። አንዱ ሲሞት የተረፈው አዲሱን ለመሙላት ራሱን ከዳር እስከ ዳር ማንበብ አለበት፤ እሱም የሚያርፈው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው።

ባካፕ ማለት የማክሰኞውን ፋይል ሐሙስ ላይ መልሶ የሚሰጥ፣ ከሳጥኗ ውጭ ያለ ቅጂ ነው። ናሷ ፋይሎቹ በአንድ ወቅት የነበሩበትን ሁኔታ የምትይዝበት ስናፕሾት በስህተት የተሰረዘን ያድናል፤ ግን የሚቀመጠው እዚያው ሳጥን ውስጥ ነው። ባካፕ የሚሠራው ፕሮግራምም ራሱ ሊያጠፋ ይችላል። በታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በጃፓን ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ የባካፕ ፕሮግራም እየሠራ ሳለ ስለተቀየረ 77 ቴራባይት ያህል ፋይል ጠፋ፤ ጉዳቱ ከደረሰባቸው 14 ቡድኖች የአራቱ መረጃ ሳይመለስ ቀረ። ስለዚህ በየወሩ አንድ ፋይል በዘፈቀደ መርጣችሁ ከባካፑ መልሳችሁ ክፈቱት። ያልተሞከረ ባካፕን እኔ አልቆጥረውም።

መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዩፒኤስ አለ ትላላችሁ። ከዩፒኤሱ ወደ ናሷ የሚሄደውን ቀጭን የዩኤስቢ ገመድ ሰክታችኋል? እሱ ከሌለ ናሷ ባትሪው እያለቀ መሆኑን አታውቅም፤ እየጻፈች ድንገት ትጠፋለች። ገመዱን ከነላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ያገኘሁባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው።

ሌባ እንዳያገኘው ከቢሮው ርቆ የሚቀመጠውን ቅጂ በኢንተርኔት እንላክ ለሚሉ ሒሳቡ ይኸው፦ 4 ቴራባይት በሰከንድ 10 ሜጋቢት በሚያሳልፍ መስመር ያለማቋረጥ 37 ቀን ይፈጃል። ዲስኩን ይዞ በታክሲ ከለቡ ስድስት ኪሎ መድረስ፣ መንገዱ ቢዘጋጋም፣ ግማሽ ቀን አይሞላም። የመጀመሪያው ቅጂ በታክሲ ይሂድ፤ በየቀኑ የሚጨመረው ትንሽ ነውና በመስመር ይከተላል። ቅጂን አርቆ ማስቀመጥ ለአገራችን አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ አንዱን ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላውን አሜሪካ ሚኒሶታ አኑሯል።

ከቢሮ የሚወጣ ዲስክ የጥናት ተሳታፊዎችን ስም ስለሚይዝ በይለፍ ቃል ይቆለፍ። ቃሉን ግን ሁለት ሰው ይወቀው፤ ብቻውን የሚያውቀው ባልደረባ ለዶክትሬት ውጭ ሄዶ በቴሌግራም ሲፈለግ አይቻለሁ።