ካስማ በማይገባበት ምድር ድንኳንን ስለ ማጽናት

በከላላም ሆነ በመካነ ሰላም ለለቅሶና ለሠርግ የሚተከል ድንኳን በካስማ ይጸናል። ሜዳው ኮንክሪት ወይም ኮብልስቶን ሲሆን ግን በየማዕዘኑ ባለ20 ሊትር ጄሪካን ውኃ ሞልተን እናስራለን። ይበቃል? እናስላው። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ቢሆንም፣ በሰከንድ 10 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ 20 ካሬ ሜትር ጣሪያን፣ እንደ ቅርጹ፣ 90 ኪሎግራም ያህል ሊያነሣ በሚችል ኃይል ይገፋዋል። አራቱ ጄሪካኖች 80 ናቸው፤ ከብረቱ ክብደት ጋር ምናልባት ይችሉታል (ጄሪካኑ ግማሽ ከሆነማ ሒሳቡ ከንቱ ነው)። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ኃይሉ አራት እጥፍ ነው፤ 360 ኪሎግራም። ጄሪካን ደግሞ ከመነሣቱ በፊት ይንሸራተታል፤ በአሸዋ የተሞላ ማዳበሪያ ይሻላል። ከሥሩ አረጋውያን ተቀምጠዋልና፣ ነፋሱ ሲበረታ ሰዎቹን አስወጥቶ ሸራውን ማውረድ ይገባል።