ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው

አራት ቃላት ናቸው። በጦር ሰፈር አጥር ላይ፣ በትልቅ ድልድይ ጫፍ፣ በግድብ አጠገብ ተጽፈው ይገኛሉ። “ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው” ይላሉ። ፊደል የቆጠረ ሰው አንብቧቸው ስልኩን ኪሱ ይከታል። ያልቆጠረው ግን የሚያውቀው ዘበኛው ሲጮህበት ነው።

ዱሮ ካሜራ የሚይዘው እንግዳና ሀብታም ነበር። ዛሬ ከባቢሌ ለውዝ ጭኖ ሐረር ገበያ የሚመጣ ገበሬም ስልክ ይዟል፤ ስልኩም ፎቶ ያነሳል። ስለዚህ ነገሩ የእኛም ሆኗል።

ለመሆኑ ሐረር ውስጥ ምን ይነሳል? ምንስ አይነሳም? ከጀጐል እንጀምር። የጀጐልን ግንብ ያሠሩት አሚር ኑር ናቸው። ከ450 ዓመት በላይ ሆኖታል። አምስት የቆዩ በሮች አሉት፤ ሰዉ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር ይላቸዋል። በዚያ ዘመን የከተማዋ መከላከያ ይህ ግንብ ነበር። በሮቹ ሲመሽ ይዘጋሉ። የውጭ ሰው እንደልቡ አይገባም። በ1847 ዓ.ም. ሪቻርድ በርተን የሚባል እንግሊዛዊ ገብቶ 10 ቀን ያህል ሲቆይ ሥጋት አልተለየውም ነበር።

ቆይቶ፣ ግብፆች ከተማዋን ይዘው ሳለ፣ አርተር ራምቦ የሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ከአገሩ ካሜራ አስመጣ። በ1875 ዓ.ም. ሐረር ላይ ፎቶግራፍ አነሳ። በስሙ የሚጠራው ቤት ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የዱሮዋ ሐረር ፎቶዎች ይታዩበታል። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ዩኔስኮ ጀጐልን የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ያ ሲጠበቅ የኖረ ግንብ ዛሬ እንግዳ ሁሉ ያነሳዋል። የልብስ ሰፊዎቹን ሰፈር መኪና ግርግርንም እንደዚያው። ሰውን ማንሳት ሲሆን ግን ፈቃድ ይጠየቃል። ገበያ ላይ የተቀመጠች እናት ግንብ አይደለችም።

ከግንቡ ውጪ ሌላ ነው። ሐረር የጦር ከተማም ናት። የምሥራቅ ዕዝ መቀመጫው እዚያ ነው። የጦር ሰፈርና ወታደር አይነሳም። ይህን ማንም ይረዳል።

ድልድይስ? ሁሉም እየተሻገረው ምን ምሥጢር አለው? ይህን ለመረዳት ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የሚወስደውን መንገድ እናስብ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ጣልያን ሐረርን ለቆ ሲሸሽ የአዋሽን ድልድይ አፈረሰ። ለምን? የሚከተለው ጦር ወንዙ ዳር እንዲቆምለት ነዋ! በ1969 ዓ.ም. በሶማሊያ ጦርነት ዋዜማ ደግሞ የጅቡቲ ባቡር የሚሄድባቸው ድልድዮች በፈንጂ ፈረሱ። ባቡሩ ቆመ፤ ጭነቱም ቆመ። ድልድይ ሲሰበር ወዲህ ያለው ወዲያ ላለው አይደርስም። ፎቶ ደግሞ ምሰሶው የቱ ጋ እንደሆነ፣ ዘበኛው የት እንደሚቆም ያሳያል። ክልከላው የመጣው ከዚህ ነው። የዓባይ በረሃ ድልድይም ለብዙ ዓመት በዘበኛ ሲጠበቅ፣ ፎቶም ሲከለከል ኖሯል።

እርግጥ ዘመኑ ተለውጧል። ዛሬ ሳተላይት የሚባለው መሣሪያ ከሰማይ ሆኖ ድልድዩንም ሰፈሩንም ያነሳል። አዲስ አበባ ላይ የምኒልክ ቤተ መንግሥት አጥሩ ሥር መቆም እንኳ ያስፈራ ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. ግን ግቢው ውስጥ አንድነት ፓርክ ተከፍቶ ጎብኚ ይገባል። እና ሁሉም ክልከላ ዛሬም ያስፈልጋል ወይ? እኛ አይመስለንም። የጦር ሰፈሩ ይጠበቅ። አላፊ አግዳሚው ሁሉ የሚያየውን ድልድይ ግን ከገበሬ ስልክ መደበቅ ብዙ አይጠቅምም።

ከዚህ የባሰው ግን ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ክልከላው አለ፣ ጽሑፉ የለም። ሰውየው ዘመዱን ድልድዩ ላይ አቁሞ ያነሳል። ዘበኛው ይመጣል። ስልክ ይቀማል፤ ፎቶው ይጠፋል፤ አንዳንዴም ፖሊስ ጣቢያ ድረስ ይኬዳል። ቀኑ አለቀ፣ ገበያው ተበተነ። ያልተጻፈን ነገር ከየት አንብቦ ይወቀው?

ስለዚህ ዘበኛ ያለበት ቦታ ስትደርሱ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ። ከተከለከላችሁ አትሩጡ፣ አትሟገቱ፤ ያነሳችሁትን አሳዩ። ፖሊስ ከያዛችሁ ደግሞ መብታችሁን እወቁ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 19 እንዲህ ይላል፦ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ ወዲያውኑ ይነገረዋል፤ በ48 ሰዓት ውስጥም ፍርድ ቤት ይቀርባል። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም።

“በሚገባው ቋንቋ” የሚለውን ልብ በሉ። በሐረርና በዙሪያዋ ሐረሪ ይነገራል፤ ኦሮምኛ፣ አማርኛና ሶማሊኛም ይነገራል። ማስታወቂያው በአማርኛ ብቻ ቢጻፍ፣ በኦሮምኛ ፊደል የቆጠረው የኤረር ገበሬ ምን ያድርግ? በአራቱም ቋንቋ ይጻፍለት። ከጽሑፉ በላይ ካሜራ ተስሎ በቀይ መስመር ይሰረዝ። ያንን ገና ፊደል ያልጀመረውም ከሩቅ ያውቀዋል።