የዳታቤዝ መጫኛ መሐል ላይ ሲቆም ምን ይደረግ?

የመምህር ሥራ ጠመኔና ሰሌዳ ብቻ አለመሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የተማሪን ስም፣ ውጤትና ቀሪ መመዝገብም አለ። ይህ ሥራ ከትልቁ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር እየተዛወረ ስለሆነ፣ ነገ ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ ወጣ ባለ ትምህርት ቤት ስንመደብ «ኮምፒዩተር ተምራችኋል አይደል? በሉ ጫኑልን» መባላችን አይቀርም። ስለዚህ ማይኤስኪውኤል የተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር 8.0 እትም ዊንዶውስ ላይ ሲጫን የሚያጋጥመውን አንድ ችግር እናብራራለን።

ችግሩ ይህ ነው። መጫኛው ደህና ሲሄድ ቆይቶ ሰርቨሩን ከሚያስነሳበት ደረጃ ሲደርስ ቀጥ ይላል። አይጨርስ፣ ስህተቱን አይናገር፣ ዝም! ብዙ ሰው ያኔ ሶኬት ይነቅላል። ሆኖም የአገራችን ፈረሰኛ እንደሚያውቀው፣ ፈረስ መንገድ ላይ ሲቆም ከመግረፍ በፊት ከፊቱ ያለውን ማየት ይበጃል። መጫኛውም የሚጠብቀው ነገር አለ። ምን ይሆን?

አንደኛ፣ በሩ ተይዞበት ይሆናል። ማይኤስኪውኤል በተለምዶ የሚሠራው ፖርት 3306 በሚባለው ቁጥር ነው። ዛምፕ የሚባለው ጥቅልም ያንኑ ቁጥር ስለሚጠቀም፣ ቀድሞ ከተነሳ አዲሱ ቦታ ያጣል። መፍትሔው ዛምፕን ማቆም፣ ወይም ለአዲሱ ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ 3307፣ መስጠት ነው።

ሁለተኛ፣ ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የተባለው ረዳት ክፍል ጎድሎ ይሆናል። ያለ እሱ ሰርቨሩ አይነሳም፤ እሱን አስቀድሞ መጫን ነው።

ሦስተኛ፣ የድሮ እትም ቢነቀልም የዳታው ማህደር እዚያው ሊቀር ይችላል። አዲሱ ሰርቨር ከአሮጌው ማህደር ጋር ሳይግባባ ሊቀር ይችላል።

መጫኛው ገና ከኢንተርኔት ሲያወርድ ከቆመ ደግሞ የኮምፒዩተሩን ቀን እንይ። በእኛ አቆጣጠር 2018 ብሎ የሞላው ሰው ኮምፒዩተሩን 7 ወይም 8 ዓመት ወደ ኋላ መልሶታል። ያኔ የድረ ገጹ ማረጋገጫ ሰርቲፊኬት «ቀኑ ገና ያልደረሰ» ስለሚመስለው ግንኙነቱን ይከለክላል። ቀኑን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማስተካከል ብቻውን ሊበቃ ይችላል።

ታዲያ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ በግምት አንፈልግም። ሰርቨሩ መነሳት ከጀመረ የደረሰበትን ስህተት ይጽፋል። ፕሮግራም ዳታ በሚባለው የተሰወረ ማህደር ውስጥ፣ በማይኤስኪውኤል የዳታ ክፍል፣ በኮምፒዩተሩ ስም የተሰየመ የስህተት መዝገብ አለ። በኖትፓድ ከፍተን የመጨረሻዎቹን መስመሮች እናንብብ፤ «ኤረር» የሚለው ቃል ያለበት መስመር ምክንያቱን ሊነግረን ይችላል።

አሁን ዋናው ማስጠንቀቂያ። «አጥፍተህ እንደገና ጫን» የሚል ምክር በየቦታው ይሰማል። ፕሮግራሙ ሺህ ጊዜ ሊጫን ይችላል፤ የዳታው ማህደር ግን የልጆቹ ውጤት ያለበት ነው፤ አንዴ ከጠፋ ከየት ይመጣል? ስለዚህ ሰርቪሱን እናቁም፣ ማህደሩን በሙሉ ወደ ፍላሽ እንቅዳ፣ ቅጂው መከፈቱን እናረጋግጥ። ከዚያ በኋላ ብቻ ወደ ጥገናው እንግባ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ሥራውን ባትሪው በሞላ ላፕቶፕ መጀመር ይሻላል።

ጓደኞቻችን፣ ዓመቱን ሙሉ ተምሮ ያለፈ ልጅ በእኛ ችኮላ ውጤት አልባ እንዳይሆን አደራ!